የተሰበረው አሞሌ ጨው ነው ወይስ አይደለም?

እስቲ ለአፍታ ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን እንመለስ። እናንተ ሲራራ ነጋዴ ናችሁ እንበል። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ከዛሬዋ አዲስ ዘመን ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ይፋግ ገበያ ላይ ቆማችኋል። ያኔ ይፋግ በቤጌምድር ከታወቁት ትላልቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ከሚገባው ሸቀጥ መካከል ደግሞ ስሙ የገነነው ጨው ነው።

ጨው ስንል ግን ዛሬ በላስቲክ ታሽጎ የምንገዛውን የደቀቀ ጨው ማለታችን አይደለም። አሞሌ ነው። አንድ ስንዝር ገደማ ርዝመት ያለው፣ እንደ ጡብ ተጠርቦ የተስተካከለ የጨው ቁራጭ። አሞሌ ይበላል፤ ግን ገንዘብም ነው። በአሞሌ እህል ይሸመታል፣ ልብስ ይገዛል። ከጨው ማውጫው እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል።

አሁን አንዱ አሞሌ ከእጃችሁ አመለጠና ድንጋይ ላይ ወድቆ ለሁለት ተሰበረ። ገዢው አንዴ አየት አድርጎ "ይሄማ ሙሉ አይደለም" ይላችኋል፤ ዋጋውንም ይቀንሳል። ነጋዴዎች አሞሌውን በልጥ ጠፍረው የሚያስሩት ይህን ኪሳራ ፈርተው ነበር። ግን ስባሪውን አንስታችሁ ብትልሱት ምን ይላል? ጨው ጨው! ወጥ ውስጥ ብትጨምሩትስ? ያው ያጣፍጣል። ለምላስ ምንም አልተለወጠም፤ ለገበያ ግን ተለውጧል።

ታዲያ አሞሌው ተለወጠ ነው የሚባለው ወይስ አልተለወጠም? ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ጥያቄ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መልሱን በደንብ የያዘ ሰው ስለ ወጥ ቤቱም፣ ስለሚጠጣው ውሃም፣ ስለ ማሳውም አዲስ ነገር ያያል።

ሁለት ዓይነት ለውጥ

በትምህርት ቤት "ፊዚካዊ ለውጥ" እና "ኬሚካዊ ለውጥ" የሚሉትን ሁለት ስሞች ሰምታችኋል። ልዩነታቸውን በአሞሌው እንየው።

ጨው የተሠራው ከሁለት ዓይነት ቅንጣቶች ነው፤ ሶዲየምና ክሎራይድ ይባላሉ። እነዚህ ቅንጣቶች በዓይን አይታዩም፤ ነገር ግን በጨው ውስጥ ልክ በሥርዓት እንደተሰለፉ ተማሪዎች አንዱ ሶዲየም፣ አንዱ ክሎራይድ፣ አንዱ ሶዲየም፣ አንዱ ክሎራይድ እየሆኑ ወደ ላይም ወደ ጎንም ተደርድረው ይኖራሉ። አሞሌው ሲሰበር የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰልፉ በመሃል ተቆረጠ። በግራ ያለው ግማሽም በቀኝ ያለው ግማሽም ውስጥ ያው ሶዲየም፣ ያው ክሎራይድ፣ ያው አሰላለፍ አለ። አዲስ ቁስ አልተፈጠረም። እንዲህ ያለውን ነው ፊዚካዊ ለውጥ የምንለው፤ ቅርጽ፣ መጠን ወይም ሁኔታ (ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ) ይለወጣል፤ ቁሱ ግን ያው ራሱ ነው።

ኬሚካዊ ለውጥ ሌላ ነው። እንጨት ሲነድ እንጨቱ ቅርጹን ብቻ አይደለም የሚያጣው። አተሞቹ ከአየር ኦክስጅን ጋር እንደገና ተገጣጥመው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን ይሆናሉ፤ ጥቂት አመድም ይቀራል። አመዱን ሰብስባችሁ "ይሄ እንጨት ነው" ብትሉ ማንም አይሰማችሁም።

ስለዚህ ሁልጊዜ መጠየቅ ያለብን ጥያቄ "መልኩ ተለወጠ ወይ?" የሚለው አይደለም። "ቁሱ ያው ነው ወይ?" ነው። ይህን ጥያቄ በኪሳችሁ ያዙና አብረን እንጓዝ።

ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ የት ይሄዳል?

የአሞሌው ስባሪ አሁን ውሃ ውስጥ ገባ እንበል። ቀስ በቀስ እያነሰ ሄዶ ከዓይን ይጠፋል። "ቀለጠ" እንላለን በተለምዶ። በእርግጥ ግን መቅለጥ ሌላ፣ መሟሟት ሌላ ነው። ጨውን በሙቀት ብቻ ለማቅለጥ 801 ዲግሪ ሴልሺየስ ያስፈልጋል፤ ይህ ከተራ የቤት ምድጃ አቅም በላይ ነው። ውሃ ግን በቀዝቃዛውም ቢሆን ያሟሟዋል። የውሃ ሞለኪውሎች የጨዉን ቅንጣቶች ከሰልፋቸው አንድ በአንድ እየነጠሉ ከበው ይወስዷቸዋል። ለዚህ ነው የምናጣቸው። ጠፍተው ሳይሆን ተበትነው ነው።

ውሃ የሚሸከመው ጨው ግን ወሰን አለው። በተራ የክፍል ሙቀት 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ሊያሟሟ የሚችለው 36 ግራም ገደማ ጨው ነው። ከዚያ በላይ ብትጨምሩ የቀረው ከሥር ይዘቅጣል።

እናንተም ቤት ውስጥ ሞክሩት። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ሁለት ማንኪያ ጨው አሟሙ። ውሃውን በዝርግ ሳህን ላይ በስሱ አፍስሱና ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። ፀሐይዋ ጠንካራ ከሆነች በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ውሃው ይተንና ሳህኑ ላይ ነጭ ነገር ይቀራል። አጉሊ መነጽር ካገኛችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ አራት ማዕዘን ያላቸው ትናንሽ ቁራጮች ታያላችሁ። ማንም ሳይጠርባቸው እንዲህ አራት ማዕዘን የሆኑት ቅንጣቶቹ ተመልሰው በዚያው በድሮ ሰልፋቸው ስለቆሙ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጎበዝ ተማሪ እጁን አውጥቶ "ሶዲየሙና ክሎራይዱ ከተለያዩ ኬሚካዊ ለውጥ አይባልም ወይ?" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መምህራንም ይከራከሩበታል። ብዙ ጊዜ ፊዚካዊ የሚባለው ውሃው ሲተን የሚቀረው ያው ጨው ስለሆነና አዲስ ቁስ ስላልተፈጠረ ነው። በተፈጥሮ ውስጥ ድንበሩ እንደ አጥር የተሰመረ እንዳልሆነ ከዚህ ትማራላችሁ።

ይፋግ ይደርስ የነበረው አሞሌ ራሱ የዚህ ሙከራ ውጤት ነው፤ ሳህኑ ብቻ እጅግ ትልቅ ነው። አሞሌው የሚቆረጠው በአፋር ዝቅተኛ ስፍራ፣ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው የዳሎልና የአሳሌ ሐይቅ አካባቢ ነው። በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ ወደዚያ ገብቶ ነበር። በኋላ መግቢያው ተዘጋ፣ የአካባቢው ሙቀት ውሃውን አተነው፣ ጨዉ ግን መትነን ስለማይችል እዚያው ቀረ። ጨው ጠራቢዎች ሲቆርጡት የኖሩት ይህን ከባሕር የቀረ ንብርብር ነው።

በክረምት የሚረጥበው ጨው፣ ከነአዮዲኑ

ወደ ይፋግ እንመለስ። ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡ አላባራ አለ፣ የፎገራ ሜዳ ውሃ አቆረ። ቤት ያለው ጨው ረጠበ። እናንተም ይህን ሳታዩ አትቀሩም፤ ማንም ውሃ ሳያፈስበት ጨዉ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይጓጉላል። ለምን?

አየር ውስጥ ሁልጊዜ የማይታይ የውሃ ተን አለ። የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ካለፈ ንጹህ ጨው ተኑን ከአየር እየሳበ በራሱ ላይ ያረጥበዋል፤ በዚያው ውሃም መሟሟት ይጀምራል። ጨዉ እንደ ማግኒዥየም ክሎራይድ ያለ ሌላ ነገር ከተቀላቀለበት ደግሞ ከዚያ ባነሰ እርጥበትም ይረጥባል። የድሮ ነጋዴ በክረምት ምን ያህል ይጨነቅ እንደነበር አስቡት፤ ገንዘቡ በገዛ ቤቱ ውስጥ እየተሟሟ ነበር!

ዛሬ አሞሌ ገንዘብ አይደለም። ጨው ሲረጥብ የምናጣው ግን ከገንዘብ የባሰ ነገር ሊሆን ይችላል። አዮዲን ነው።

አዮዲን ሰውነታችን በጣም በጥቂቱ የሚፈልገው ንጥረ ነገር ነው። አንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ያለ እሱ ሥራውን መሥራት አይችልም። አዮዲን ሲያጥር ዕጢው ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ይህ ነው። ከእንቅርቱ የሚከፋው ግን የማይታየው ጉዳት ነው፤ ነፍሰ ጡር እናት በቂ አዮዲን ካላገኘች የፅንሱ አእምሮ እድገት ይጎዳል።

ለመሆኑ እንቅርት ለምን በደጋ አገር ይበዛል? መልሱ ያው መሟሟት ነው። ለብዙ ሺህ ዓመታት በተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ በአፈሩ ውስጥ የነበረውን አዮዲን እያሟሟ በወንዝ አውርዶታል። አፈሩ ከሌለው እህሉ የለውም፤ እህሉ ከሌለው እኛም የለንም። ከአፋር የሚመጣው ያልታከመ ጨውም ቢሆን በቂ አዮዲን የለውም። ስለዚህ በፋብሪካ ጨው ላይ ፖታሲየም አዮዴት የተባለ የአዮዲን ውህድ ይጨመራል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ውህድም ውሃ ውስጥ ይሟሟል። የጨው ጆንያ ዝናብ ቢያገኘው ወይም ክፍት ሆኖ እርጥብ ስፍራ ቢቀመጥ ውሃው አዮዲኑን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከጆንያውም ያንጠባጥባል። ላይ የቀረውን ጨው ብትቀምሱት ያው ጨው ጨው ይላል። ምላሳችሁ ምንም የጎደለ ነገር አያገኝም። የጎደለው ግን ለእንቅርት መከላከያ የተጨመረው ነው።

ስለዚህ እናታችሁ ወይም አያታችሁ ጨው ክፍት ትተው ካያችሁ በትህትና ንገሯቸው፤ አዮዲን ያለው ጨው በሚገጥም ክዳን፣ በደረቅ ቦታ፣ ከእሳትና ከፀሐይ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ወጥ ውስጥም መጨረሻ አካባቢ ቢጨመር ይመረጣል።

እዚህ ላይ ፊዚካዊ ለውጥ የሚባለው ነገር ቀላል እንዳልሆነ አያችሁ አይደል? "ቁሱ ያው ነው" ማለት "ምንም አልሆነም" ማለት አይደለም።

ደብረ ታቦር ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ባቄላ ግን አይበስልም

አሁን ከይፋግ ተነስተን ወደ ደብረ ታቦር እንውጣ። ይፋግ ከጣና ዳር ካለው ሜዳ ብዙም ከፍ አትልም፤ ሐይቁ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደብረ ታቦር ግን 2700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህ ልዩነት ምድጃችሁ ላይ ይታያል።

ውሃ ሲሞቅ ሞለኪውሎቹ እየተፍጨረጨሩ ከፈሳሹ ለመውጣት ይታገላሉ። ከላይ ግን አየሩ ይጫናቸዋል። የሞለኪውሎቹ ግፊት የአየሩን ጫና ሲያክል ውሃው ከውስጡ እየተንቦገቦገ ይፈላል። ወደ ተራራ በወጣን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ስለሚቀንስ ጫናውም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ውሃው ባነሰ ሙቀት ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል ብላችሁ ያዙት። በባሕር ዳርቻ፣ ለምሳሌ ምጽዋ ላይ፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል። ጣና ዳር በ94 ገደማ። ደብረ ታቦር በ91 ገደማ። ከ4100 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ ጫፍ ላይ ደግሞ በ86 ገደማ።

"እንዴ! ቶሎ ከፈላማ ጥሩ ነዋ!" ትሉ ይሆናል። ባቄላው ግን በመፍላት አይበስልም፤ በሙቀት ነው የሚበስለው። ክዳኑ በደንብ ባልታፈነ ድስት ውስጥ የሚፈላ ውሃ፣ እሳቱን የፈለጋችሁትን ያህል ብታነዱበት፣ ከ91 ዲግሪ አያልፍም። ተጨማሪው እሳት ውሃውን ወደ ተን ለመቀየር ብቻ ይውላል። ለዚህ ነው ደጋ ላይ ንፍሮ ረጅም ሰዓትና ብዙ እንጨት የሚበላው። አንዴ ከፈላ በኋላ እንጨት መቀነስና ድስቱን መክደን ያዋጣል። ባቄላውን ማታ መዘፍዘፍም ይረዳል። በግፊት የሚያበስለው ድስት ደግሞ ተኑን አፍኖ ጫናውን ስለሚጨምር ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ ያደርጋል፤ ተራራውን ከድስቱ ውስጥ አውርዶ ጣለው ማለት ነው።

ስለ መጠጥ ውሃም አንድ ነገር። 91 ዲግሪ በሽታ አምጪ ተህዋስያንን ለመግደል በቂ ነው፤ ከ2000 ሜትር በላይ የምትኖሩ ግን ውሃው እየተንቦገቦገ 3 ደቂቃ ያህል እንዲፈላ አድርጉ። ይሁን እንጂ ማፍላት በውሃ ውስጥ የተሟሟን ነገር አያወጣም። ሳህን ላይ የቀረውን ጨው አስታውሱ፤ ውሃው ይሄዳል፣ የተሟሟው ይቀራል። በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ቦታዎች የጉድጓድ ውሃ ብዙ ፍሎራይድ ስላለው የሕፃናትን ጥርስ ያበላሻል፤ ያንን ውሃ ብናፈላው ፍሎራይዱ አይጠፋም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠኑ ይወፍራል። የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹህ አይደለም፤ የፈላ ውሃም ሁሉ ከሁሉ ነገር የጸዳ አይደለም።

የጉና ውርጭ

ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ጉና አለ። እዚያ ላይ ጥቅምትና ኅዳር ሌሊቱ ጥርት ሲል ገበሬው ይሠጋል። ደመና ሲኖር እንደ ብርድ ልብስ የመሬቱን ሙቀት ይይዛል፤ ደመና ሲጠፋ ግን ሙቀቱ ወደ ሰማይ ያመልጣል። ጠዋት ሳሩ ላይ ነጭ ነገር ተነጥፎ ይገኛል። ውርጭ ነው። ማንም ከላይ አልጣለውም፤ አየር ውስጥ የነበረው የውሃ ተን በቀዘቀዘው ቅጠል ላይ ጠጥሮ ነው። ትንሽ ሞቅ ባለ ሌሊት ቢሆን ጤዛ ይሆን ነበር።

ውሃ፣ ጤዛ፣ ጉም፣ ውርጭ፣ በረዶ፤ ስማቸው አምስት ነው፣ ቁሱ ግን አንድ። ታዲያ ቁሱ ያው ከሆነ ውርጭ ድንቹን ለምን ያጠቁረዋል?

ምክንያቱም ውሃ ከሌሎች ፈሳሾች ለየት ያለ ጠባይ አለው። ብዙዎቹ ቁሶች ከፈሳሽነት ወደ ጠጣርነት ሲለወጡ ይሰበሰባሉ፤ ውሃ ግን ሲረጋ 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ሙሉ የመስታወት ጠርሙስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ረስታችሁ ከሆነ ተሰንጥቆ ያገኛችሁት ለዚህ ነው። በረዶ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም ለዚሁ ነው። በተክል ውስጥ ደግሞ በረዶው ሲፈጠር ከሕዋሳቱ ውሃ እየሳበ ያደርቃቸዋል፣ ስስ ሽፋናቸውንም ይበጣጥሳል። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ተመልሶ ውሃ ይሆናል። የተበጠሰው ሕዋስ ግን አይጠገንም። የውሃው ለውጥ ፊዚካዊ ነው፤ የገበሬው ኪሳራ ግን እውነተኛ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ይህንኑ ጉዳት ለጥቅም ያዋሉ ሌሎች የደጋ ሰዎች አሉ። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ላይ የሚኖሩ የፔሩና የቦሊቪያ ገበሬዎች ድንቹን ሆን ብለው ሌሊት ለውርጭ ያሰጡታል። ቀን ሲቀልጥ በእግራቸው እየረገጡ ውሃውን ያወጡታል፤ ይህን ለቀናት ደጋግመው በፀሐይ ያደርቁታል። ቹኞ ይሉታል፤ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ለውጡ አንድ ነው። ሳይታሰብ ሲመጣ ኪሳራ፣ ሲታወቅና ሲታቀድ ጎተራ ሆነ።

ጋፋት፦ አንድ ቃል፣ ሁለት ሥራ

ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 እዚያ ተሠራ። 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። በሰው ጉልበት ተራራና ሸለቆ አቋርጦ እስከ መቅደላ ተጎተተ፤ ዛሬም እዚያው ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።

መድፍ እንዴት ይሠራል? ብረታ ብረቱ በእሳት ይቀልጣል፣ አስቀድሞ በተዘጋጀ ቅርጽ ውስጥ ይፈሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል። ነሐስ ለምሳሌ ከ900 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይቀልጣል። ቁሱ ያው ነው፤ ጠጣር የነበረው ፈሳሽ ሆነ፣ ፈሳሹ ተመልሶ ጠጣር ሆነ። ፊዚካዊ ለውጥ ነው።

አሁን ግን አማርኛችን ትንሽ ወጥመድ ያስቀምጥልናል። ከአፈርና ከድንጋይ ብረት ማውጣትንም "ብረት ማቅለጥ" እንላለን። የድሮ ብረት ሠሪዎች ብረት ያለበትን ድንጋይ ከከሰል ጋር አድርገው በወናፍ እየነፉ ያነዱት ነበር። እዚያ ላይ ከሰሉ ሙቀት መስጠት ብቻ አልነበረም ሥራው፤ ከድንጋዩ ውስጥ ካለው ብረት ላይ ኦክስጅኑን ቀምቶ ይወስዳል። የገባው ድንጋይ ነበር፣ የወጣው ብረት ነው። ይህ ኬሚካዊ ለውጥ ነው። እንግዲህ "ማቅለጥ" የሚለውን ቃል ስትሰሙ ያንን የኪስ ጥያቄ አውጡ፤ ቁሱ ያው ነው ወይ?

"ከተመለሰ ፊዚካዊ ነው" የሚለው ሕግ

ብዙ ተማሪ ለፈተና የሚሸመድዳት አንዲት አጭር ሕግ አለች፤ "ወደ ነበረበት ከተመለሰ ፊዚካዊ፣ ካልተመለሰ ኬሚካዊ" የምትል። ብዙ ጊዜ ትሠራለች፤ ግን ታሳስታለች።

ጤፍ ወፍጮ ቤት ገብቶ ዱቄት ሆነ። ዱቄቱን መልሶ ጤፍ የሚያደርግ ወፍጮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። ያም ሆኖ መፈጨት ፊዚካዊ ለውጥ ነው፤ ፍሬው ደቀቀ እንጂ ሌላ ነገር አልሆነም። በተቃራኒው የስልካችሁን ባትሪ አስቡ። ስትጠቀሙበት ይወርዳል፣ ሰካችሁ ስትሞሉት ይመለሳል። ውስጡ የሚካሄደው ግን ኬሚካዊ ለውጥ ነው። እናም መመለስና አለመመለስ ምልክት ሊሆን ይችላል እንጂ ፍርድ አይደለም።

አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱም ለውጦች በአንድ ድስት ውስጥ ተከታትለው ይመጣሉ። ቅቤ ሲነጠር ቆማችሁ ተመልከቱ። መጀመሪያ ይቀልጣል፤ ፊዚካዊ ነው። ከዚያ መንጫጫትና አረፋ ማውጣት ይጀምራል። ድምፁ የሚመጣው ቅቤው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ተንነት ሲለወጥ ነው፤ ይህም ፊዚካዊ ነው። ውሃው እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከውሃ መፍያ ብዙም አያልፍም። ድምፁ ጸጥ ሲል ግን ውሃው አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ በፍጥነት ይወጣል፣ ከሥር የዘቀጠውም መቅላት፣ ከዚያም ማረር ይጀምራል። ይህ ኬሚካዊ ነው፤ ያረረ ቅቤ አይመለስም። ቅቤ አንጣሪዎች በጆሯቸው የሚሰሙት የሁለቱን ለውጦች ድንበር ነው። "ዝም ሲል አውጪው" ስትባል፣ ከኋላው ሙሉ የፊዚክስ ትምህርት አለ።

እንጀራውስ? ጤፉ ሲፈጭ ፊዚካዊ፣ ሊጡ ሲቦካ ኬሚካዊ፣ ምጣዱ ላይ ሲጋገር ሁለቱም፤ ተኑ እያፈተለከ ዓይኑን ሲያወጣ ፊዚካዊ፣ ሊጡ ወደ እንጀራነት ሲለወጥ ኬሚካዊ። ምጣዱ ሲከፈት ከክዳኑ ሥር የሚንጠባጠበው ውሃስ? እሱን ለእናንተ ተውኩት።

ከዚህ በኋላ

ዛሬ ማታ ወጥ ቤት ገብታችሁ አምስት ለውጦች ቁጠሩ። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ቁሱ ያው ነው? ያው ከሆነ ምኑ ነው የተለወጠው፤ ቅርጹ፣ ሁኔታው፣ ወይስ ያለበት ቦታ? ያ ለውጥስ ለማን ምን ያመጣል፤ ጥቅም ወይስ ጉዳት? ሦስተኛውን ጥያቄ ፈተና ላይ አታገኙት ይሆናል፤ ነገር ግን የረጠበውን ጨው ከተከደነው የሚለየው እሱ ነው።

ይፋግ ላይ ጥለነው የመጣነው አሞሌስ? ሸማቹ አልተሳሳተም፤ ቅርጽ ዋጋ አለው፣ የተሰበረ አሞሌ እንደ ገንዘብ ጎድሏል። ምላሳችሁም አልተሳሳተም፤ ቁሱ ያው ጨው ነው። አባቶች "ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል" ሲሉ ስለ ሰው መናገራቸው ነው። ግን ለሳይንስም ይሆናል። ጨውን ጨው የሚያሰኘው አሞሌነቱ አይደለም፤ ጠባዩ ነው። ተሰብሮም፣ ደቅቆም፣ ተሟምቶም፣ ተንጣፎ ደርቆም እስከጣፈጠ ድረስ ያው ጨው ነው።